ግሪን ካርድ ያላት እናቴ በሜሪላንድ የሕክምና ካናቢስ ፕሮግራም መመዝገብ ትችላለች ወይ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ እናቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞ ጀምራለች። በሽታውን ችላዋለች፤ ያቃታት ማቅለሽለሹ ነው። ዞፍራን ትውጣለች፣ ትንሽ ያስታግስላትና መልሶ ይመጣል። የምግብ ሽታ አትችልም። ሽንኩርት ገና ሲቁላላ መኝታ ቤቷን ዘግታ በበሩ ሥር ፎጣ ትወትፋለች። ሁለት ጉርሻ ከቀመሰች በቃኝ ናት። ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል።

ኬሞ የምትወስድበት ቦታ ያለች ነርስ፣ የሜሪላንድ የሕክምና ካናቢስ ፕሮግራም ውስጥ ለምን አታስመዘግቢያትም አለችኝ። ለእናቴ ስነግራት ሐሺሽ ልታስጨሺኝ ነው ብላ አማተበች። ማታ ላይ ግን የሚዋጥም አለው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ካናቢስ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ የማኅበር ጓደኞቼ ቢያዩኝስ አለች ደግሞ። ስለዚህ ነገሩን እያሰበችበት ነው ማለት ነው።

ከየት ነው የሚጀመረው? ሐኪሙ ይቅደም ወይስ ምዝገባው? እንግሊዝኛ ብዙም ስለማትችል እኔ ልገዛላት እችላለሁ? ሌላው፣ ያላት ግሪን ካርድ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ልታስገባ ስትል ሕመሙ መጣና ቆመ። ይኼ ነገር እዚያ ላይ ጣጣ ያመጣል? የምታውቁ ንገሩኝ። የማታውቁ ጸልዩላት።

(ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ናቸው። ብዙ ስለሆኑ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ከማንበብ ይገላገል ብዬ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አባባል አሳጥሬአቸዋለሁ። መሀል ላይ የምጨምረው አስተያየት የእኔው ነው።)

መልስ 1። የመጀመሪያው ጨዋ ሰው ነው። እግዚአብሔር ይማርልሽ ብሎ ጀመረ። እሱ ለወገብ ሕመሙ ከተመዘገበ ቆይቷል። ሐኪም ጋ ሄዶ ማረጋገጫ ማጻፍ፣ ከዚያ ለስቴቱ ማመልከት፣ ከዚያ ሱቅ መሄድ ነው ብሎ ነገሩን አቀለለልኝ። የእናቴ ሕመም እንደሚያስፈቅድም ነግሮኛል። በስቴቱ ዝርዝር ውስጥ ከባድ ማቅለሽለሽ፣ ከባድ ወይም የማይለቅ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ፣ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት)፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና የሰውነት መመንመን በስም ተጽፈዋል። ከእነዚህ ውጭ ያለ በሽታም ሥር የሰደደና ሌላ ሕክምና ያልመለሰው ከሆነ ሐኪሙ ሊፈቅድ ይችላል።

መልስ 2። ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ እህት በትህትና አረመችው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። መጀመሪያ ሕመምተኛዋ ናት የምትመዘገበው። ምዝገባው በሜሪላንድ ካናቢስ አስተዳደር በኩል፣ ዋንስቶፕ በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ነው። ፎቶ ያለበት መታወቂያ፣ የሜሪላንድ ነዋሪ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ፣ ኢሜይል፣ የሶሻል ሴኩሪቲዋ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይጠየቃሉ። ሲጸድቅ የሕመምተኛ ቁጥር ይሰጣታል። ሐኪሙ ማረጋገጫውን የሚያስገባው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥር ሳይኖራት ሐኪም ጋ ብትሄድ በከንቱ ትመለሳለች።

ሁሉም ሐኪም ደግሞ አይችልም። ራሱ በስቴቱ የተመዘገበ መሆን አለበት። የካንሰር ሐኪሟ ላይሆን ስለሚችል ቀድመሽ ጠይቂ ብላኛለች። የተመዘገቡ ከሆነ የጥርስ ሐኪሞች፣ ነርስ ፕራክቲሽነሮችና አዋላጅ ነርሶችም ይችላሉ። ብዙዎቹ በቪዲዮ ያያሉ። ለዚህ ቀጠሮ የሚከፈለውንም ሆነ የካናቢሱን ዋጋ ሜዲኬይድም ሆነ የግል ኢንሹራንስ አይሸፍንም። እኔ ልግዛላት ላልኩት፣ 21 ዓመት የሞላው ሰው አስታማሚ ሆኖ መመዝገብ ይችላል። አንድ ሕመምተኛ እስከ ሁለት አስታማሚ ይፈቀድለታል።

እዚህ ላይ የመልሶቹ ክር ቢያልቅ ኖሮ እኔም ያን ዕለት ማታ አስመዝግቤያት ነበር።

መልስ 3። አንዱ ደግሞ ይኼ ሁሉ መንከራተት ለምን አለ። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ሁሉ ፈቅዳለች። መታወቂያሽን አሳይተሽ ገዝተሽላት ትወጫለሽ፣ ሐኪምም ድረ ገጽም አያስፈልግም ባይ ነው። ሕዝቡ በኖቬምበር 2022 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀውን ነገር እኛ እስካሁን እንደ ሌባ ተደብቀን እንጠይቃለን ብሎ ትንሽ ሳቀብን።

መልስ 4። ለ3ኛው የተሰጠ መልስ ነው፣ ከነሒሳቡ። ያልተመዘገበ ሰው ሲገዛ ታክስ ይከፍላል። መጀመሪያ 9 በመቶ ነበር፣ ከጁላይ 2025 ወዲህ 12 በመቶ ሆኗል። የተመዘገበ ሕመምተኛ ይኼን ታክስ አይከፍልም። የ100 ዶላር ዕቃ ለአንዱ 112፣ ለሌላው 100 ነው። በየወሩ ለሚገዛ ሕመምተኛ ይኼ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መጠኑም ይለያያል። ለማንም የሚሸጠው የካናቢስ አበባ (የሚጨሰው) 1.5 አውንስ ላይ ያበቃል። የተመዘገበው ግን በ30 ቀን እስከ 120 ግራም ይገዛል። 18 ዓመት ሞልቶት 21 ያልሞላው ሕመምተኛ ደግሞ ያለ ምዝገባ ጨርሶ መግዛት አይችልም። በወር አንዴ ትንሽ ለሚሞክር ሰው ግን ቀጠሮው ከታክሱ ሊበልጥበት ይችላል ብሎ ሐቁን ተናግሯል።

መልስ 5። ቁጣ። በእናት ስም ሱስ ልታስፋፉ ነው፣ ጠበል እያለ ሐሺሽ፣ ልጆቻችን ይኼን አንብበው ምን ይላሉ፣ ወዘተ። ረጅም ነበር።

መልስ 6። ለ5ኛው። ባሏን በካንሰር ያጣች ሴት ናት። ያን ሰው ሌሊት ሙሉ ባልዲ አቅፎ ከሚያድር ሰው ጎን ተቀምጠህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ባሏ ሞርፊን ሲወስድ ሱሰኛ ያለው ሰው እንዳልነበረም ጨመረች። 5ኛው መልስ አልሰጠም። ጠበሉንም አልተውንም፣ ለማንኛውም።

መልስ 7። ይኼን እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የጻፈው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። እስካሁን የመለሳችሁት በሙሉ ለአሜሪካ ዜጋ ትክክል ነው አለ። ልጅቷ ግን ግሪን ካርድ ብላ ጠይቃለች፣ ማንም አላያትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቴቱ ቢፈቅድም ማሪዋና በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። የዜግነት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ ይኼን በግልጽ አስፍሯል። ስቴቱ የፈቀደው አጠቃቀም ቢሆንም እንኳ የአመልካቹን የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ሊያበላሽ ይችላል። ለሕክምና ነው ማለት አያድንም። መታሰርም፣ መከሰስም፣ መፈረድም ግድ አይደለም። አመልካቹ በራሱ አፍ ለመኮንኑ አዎ ተጠቅሜያለሁ ማለቱ ሊበቃ ይችላል።

አውሮፕላን ማረፊያም ላይ እንዲሁ ነው። አገር ቤት ደርሶ ደለስ ላይ የሚያርፍ ባለ ግሪን ካርድ፣ መኮንኑ ሲጠይቀው ካመነ መግቢያው ላይ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ጥያቄውን ሊያመጣ ይችላል፣ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ የሱቅ ደረሰኝም እንደዚያው።

የእሱ ምክር አጭር ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው የዜግነት መሐላ እስኪፈጽም ድረስ አይንካው። ነክቶት ከሆነ ቅጹን ከመሙላቱም ከመጓዙም በፊት ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገር።

መልስ 8። አልተዋጠለትም። የአጎቱ ልጅ በግልጽ ሲያጨስ ኖሮ ዜግነቱን እንዳገኘ ጻፈ። ጠበቆች ሰው ማስፈራራት እንጀራቸው ነው አለ።

መልስ 9። 7ኛው ተመለሰ፣ አሁን ቆጣ ብሎ። ቀይ መብራት ጥሶ ያልተያዘ ሰው መብራቱ የለም ማለት እንዳልሆነ ነገረው። የዜግነት ቅጹ ሳትያዝም ቢሆን የፈጸምከው ወንጀል አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አለ ካልክ አንድ ችግር ነው። የለም ብለህ ከዋሸህ፣ በመሐላ መዋሸቱ ራሱን የቻለና የባሰ ችግር ነው።

3ኛው ለሰጠው ሐሳብም መልስ አለው። ልጅቷ ገዝታ ብትሰጣት እናትየዋ ያው ተጠቃሚ ናት፤ ምዝገባ መኖሩና አለመኖሩ ለዚህ ለውጥ አያመጣም። አስታማሚ ሆኖ መመዝገብም የሕመምተኛዋን ስም አይሸፍንም። እግረ መንገዱንም ሱቆቹ ውስጥ ሥራ ለመቀጠር ለሚያስቡ ወጣቶች አስጠነቀቀ። ዜጋ ላልሆነ ሰው እዚያ መሥራት ከመጠቀምም ሊብስ ይችላል፣ የፌዴራል ሕግ እንደ ዕፅ ንግድ ሊያየው ስለሚችል። በሰዓት የሚከፈለው ጥሩ ነው ተብሎ ወሬው በየቡና ቤቱ ስለሚነሳ ይኼን ደመቅ አድርጌ ጻፍኩት።

መልስ 10። የጭነት መኪና ሹፌር። ዜጋ ነው፣ ግሪን ካርዱ አይመለከተውም፤ ግን ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለው። ለጉልበቱ ከነዳጅ ማደያ የሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ፣ የማያሰክር ንጥረ ነገር) ዘይት ገዛ። ጠርሙሱ ላይ ቲኤችሲ (የሚያሰክረው የካናቢስ ንጥረ ነገር) የለውም ይላል። በድንገተኛ የዕፅ ምርመራ ቲኤችሲ ተገኘበት። ድርጅቱ ዕለቱን ቁልፍ ተቀበለው። የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የስቴት የሕክምና ካርድን አይቀበልም፣ ሲቢዲ ነው የወሰድኩት ማለትንም ምክንያት አድርጎ አይወስድም። ውጤቱ በ2020 በተጀመረው ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ሌላ ድርጅት ሄዶ መቀጠርም አልሆነለትም። አሁን በባለሙያ እየታየ የመመለሻ ሒደት ላይ ነው፣ ቤተሰቡን የምትይዘው ሚስቱ ናት። ጠርሙሱን እስካሁን አልጣለውም። ጠበቃ ሁሉ አይቶታል፣ ማንም ምንም አላደረገለትም።

መልስ 11። አጭር። በሴክሽን 8 ወይም በሌላ የፌዴራል ድጎማ ቤት ልትገቡ የምታመለክቱ ካላችሁ ተጠንቀቁ። አሁን ካናቢስ የሚጠቀም አዲስ አመልካች መከልከል አለበት። አስቀድሞ የገባ ተከራይ ላይ ውሳኔው ለባለንብረቱ የተተወ ነው።

መልስ 12 እና 13። ክሩ እዚህ ጋ ከጉዳዩ ወጣ። አንዱ ሻሸመኔን አነሳ። ራስታዎቹ ጃንሆይ በሰጧቸው መሬት ላይ ስንት ዘመን ሲያጨሱ ኖረዋል፣ እኛ ምን ያስደነግጠናል አለ። ሌላው በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ለራስታም ለማንም የተለየ በር እንደሌለው ነገረው። ከዚያ ጫት መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ በግልጽ የሚሸጠው ጫት፣ ውስጡ ባለው ካቲኖን የተነሳ እዚህ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ዲሲ ውስጥ በግልጽ የሚሸጠው ካናቢስ ደግሞ እዚያ ያሳስራል። በዚህ ላይ ሁለቱ ረጅም ተጨቃጨቁ። ለእናቴ የሚጠቅም ነገር ስለሌለው ዘልዬዋለሁ፣ ግን አስቆኛል።

መልስ 14። ጋሚው (የሚታኘከው የካናቢስ ከረሜላ) ለጾም ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ። ከምሬ ነው ብላለች። ብዙዎቹ የካናቢስ ጋሚዎች እንደ ማንኛውም ከረሜላ በጄላቲን ይሠራሉ፣ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ ነው። አንድ ሙስሊም ወንድም እሱም ይኼንኑ ሊጠይቅ እንደነበር ጻፈ። ከፍራፍሬ በሚገኘው ፔክቲን የተሠራ አለ፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል ብሎ መለሰላት። ከምላስ ሥር የሚንጠባጠበውም ዘይት ጄላቲን የለውም። ቁጥር ሳይሰጠው በመሀል የገባ ሌላ ሰው፣ ሕመምተኛ ጾም አይገደድም ብሎ አለፈ።

መልስ 15። ይኼ ክር ለእኔ ዋጋ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። 7ኛው በሩን ዘጋባችሁ፣ ግን ሌላ በር አለ አለች። ድሮናቢኖል የሚባል መድኃኒት አለ። በላብራቶሪ የተሠራ ቲኤችሲ ነው። ማሪኖል በሚል የንግድ ስም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1985 አጽድቆታል። ያጸደቀውም በሌላ መድኃኒት ላልቆመ የኬሞ ማቅለሽለሽ ነው። ማለትም ለእናቴ ዓይነቱ። በኋላ ደግሞ ኤድስ ላለባቸውና የምግብ ፍላጎት ላጡ ሕመምተኞች ተፈቀደ። ማንኛውም ሐኪም እንደሌላው መድኃኒት ያዝዘዋል፣ ከተራ መድኃኒት ቤት ይወጣል፣ በፌዴራል ሕግም የተፈቀደ ነው። የስቴት ምዝገባ አያስፈልገውም፤ የማኅበር ጓደኛም በር ላይ አታይሽም።

ማስጠንቀቂያዎቿም አሉ። ማሪኖል ውስጡ የሰሊጥ ዘይት ስላለው ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አይወስደውም። (እንክብሉ ጄላቲን ነው፣ 14ኛዋ ይቅርታ።) ያፈዛል፣ ያዞራል፤ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ከአልጋው ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል። የሽንት ምርመራ ላይም ቲኤችሲ ሆኖ ይታያል፣ ስለዚህ የሐኪሙ ትእዛዝ ይቀመጥ። ለሌሎቻችሁ ደግሞ ከሱቅ የሚገዛው ሲቢዲ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ሰውነት ውስጥ እንዲበዛ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሳይነግራት እንዳይጀምር ለመነች። ለልጆች የሚጥል በሽታ በ2018 የጸደቀው ኤፒዲዮሌክስም በሐኪም ትእዛዝ የሚወጣ ሲቢዲ ነው።

መልስ 16። ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ። ዜጋ ለሆኑትና ከሱቅ ለሚገዙት ጻፈ። በብዛት የሚያየው ስህተት አንድ ነው። ሰው ጋሚ ይበላና እስከ አርባ ደቂቃ ምንም አይሰማውም። ውሸት ነው ብሎ ሌላ ይጨምራል። የሚበላ ካናቢስ እስከ ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ ልቡ ይመታል፣ ሞትኩ ይላል፣ ልጆቹ አምቡላንስ ይጠራሉ። አንድ ሽማግሌ በአማርኛ የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ ሲሉ አስተርጓሚው እሱ ነበር። ለጀማሪ 2.5 ሚሊግራም፣ ቢያስፈልግ የ10ሩን ጋሚ አራት ቦታ መቁረጥ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት ይቆለፍበት፤ ከረሜላ ይመስላቸዋል። ልጅ ከበላ የመመረዝ ምክር መስጫው 1-800-222-1222 ሌትና ቀን ይሠራል።

መልስ 17። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ስለ ቨርጂኒያ ጠየቀ፣ ሦስት ሰው ተረባርቦ መለሰለት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጁላይ 2022 ወዲህ ለስቴቱ መመዝገብ ቀርቷል፣ የባለሙያ ማረጋገጫና መታወቂያ ይበቃል። ዲሲ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ነዋሪ ያለ ሐኪም ራሱ መስክሮ መመዝገብ ይችላል። የሌላ ስቴት የሕክምና ካርድንም ዲሲ ትቀበላለች። ግን ከአንዱ ገዝቶ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሌላው ማስገባት የፌዴራል ወንጀል ነው። ሁለቱም ቢፈቅዱ ያው ነው። ሰውየው ቤቴ ከድልድዩ አምስት ደቂቃ ነው እኮ ብሎ ተማረረ።

መልስ 18። ይኼኛው የራሴ ነው። ጠበቃ አማከርን፣ 7ኛው ያለውን ደገመልን። ስለዚህ ምዝገባውን ትተነዋል፣ መሐላ እስክትፈጽም። የካንሰር ሐኪሟን ስለ ድሮናቢኖል ስጠይቀው አልተገረመም። ለምን ቀድሞ እንዳላነሳልን ግን እስካሁን አልገባኝም። ኢንሹራንሱ መጀመሪያ ሌላ መድኃኒት እንደሞከረች ማስረጃ ጠየቀ፣ ክሊኒኩ ዞፍራን መውሰዷን ጽፎ ላከና ፈቀዱ። ማቅለሽለሹ ጨርሶ አልጠፋም። የኬሞው ዕለትና ማግስቱ አሁንም ከባድ ናቸው። ነገር ግን አጥሚት ትጠጣለች፣ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሽሮዬ ጨው አንሶታል ብላ ተቆጣችኝ። ስትነሳ ስለሚያዞራት ሌሊት መታጠቢያ ቤት ብቻዋን አትሄድም።

መልስ 19። 6ኛዋ ናት። ስትድን አገር ቤት ልትሄድ ካሰበች መድኃኒቱን ይዛ በዱባይ እንዳታልፍ ብላ አስጠነቀቀች። ኤሚሬቶች እንዲህ ላለ መድኃኒት፣ በሐኪም ቢታዘዝም፣ ከጉዞው በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ማውጣት ይፈልጋሉ። ለኢትዮጵያም ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። አመስግኛታለሁ። ለአሁኑ የትም አንሄድም፣ ኬሞው ገና አላለቀም።